የወጣው ዕጣ ይመለስ፦ ቡትስትራፕ ከውስጥ ሲታይ

ዓምና አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። መጠይቅ ያስሞላችው ለ40 ነጋዴዎች ነበር፤ አማካሪዋ «ናሙናሽ ያንሳል» ብለዋታል። እሷ ግን መላ አግኝታለች። «ጋሼ፣ ቡትስትራፕ አድርጌ 5,000 አድርሼዋለሁ እኮ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን እፎይታ ማፍረስ ከበደኝ። 40 ነጋዴ 40 ነጋዴ ነው። ኮምፒውተር 5,000 ጊዜ ቢያገላብጣቸውም 41ኛው አይወለድም።

በዚህ የተሳሳተችው እሷ ብቻ አይደለችም። ቡትስትራፕ ከአንድ ናሙና ደጋግሞ ዕጣ እያወጣ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚገምት የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው፤ እንደ ስታታ፣ አርና ፓይተን ያሉ ሶፍትዌሮች በአንድ ትእዛዝ ስለሚሠሩት ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ሳያዩ መጠቀም ቀላል ሆኗል። ውስጡ ያለው ግን አንድ ከረጢትና ጥቂት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲያው ወረቀቱን እንቁረጥ።

እንበልና 11 ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆማችሁትን ደቂቃ መዘገባችሁ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር፦ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 11፣ 13፣ 15፣ 18፣ 26፣ 46። (46ቷ ዝናብ የጣለ ዕለት ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።) ድምሩ 165፣ አማካዩ 15 ደቂቃ ነው።

«ታክሲ በአማካይ ስንት ደቂቃ ያስጠብቃል?» ቢሏችሁ 15 ትላላችሁ። ሌሎች 11 ቀናት መዝግባችሁ ቢሆን ኖሮ ግን ልክ 15 መምጣቱ ያጠራጥራል፤ 12 ይሆን ነበር፣ ወይም 19። ቁጥሩ ከናሙና ናሙና በዚህ መልክ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው ነው ስታንዳርድ ኤረር የሚባለው። ችግሩ በእጃችን ያለው አንድ ናሙና መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በምን ይታወቃል?

ለአማካይ ቀመር አለ። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካውን) በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው፤ በእኛ ቁጥሮች 3.6 ደቂቃ ይሰጣል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከአማካይ ውጭ ሌላ ነገር ስንጠይቅ ነው። ያቺ የዝናብ ቀን አማካዩን ወደ ላይ ስለጎተተችው ሚዲያኑን ልንመርጥ እንችላለን፤ ይኸውም መሀል ላይ የተቀመጠው 6ኛው ቁጥር፣ 11 ደቂቃ። የሱስ ስታንዳርድ ኤረር ስንት ነው? ቀመር ቢኖርም «ቁጥሮቹ ሚዲያኑ አካባቢ ምን ያህል እንደታጨቁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ» የሚል ቀመር ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን አናውቅም። ለጂኒ ኮኤፊሸንት (የገቢ አለመመጣጠን መለኪያ)፣ ለሁለት ቁጥሮች ሬሾ፣ በሦስት ደረጃ ለተሰላ ሞዴል ቀመሩ ወይ ያስፈራል፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ከዚህ ለመውጣት የመጀመሪያው መላ ጃክናይፍ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ሞሪስ ኬኑዊ በ1949 የጀመረውን ሐሳብ ጆን ቱኪ በ1958 አስፋፍቶ ስም አወጣለት። ጃክናይፍ እኛ ሰንጢ የምንለው ነው፤ የተሻለ መሣሪያ በሌለበት ሁሉንም የሚቆርጥ። አሠራሩ ከናሙናው አንድ አንድ ቁጥር እያወጡ ውጤቱን ደጋግሞ ማስላት ነው። ለአማካይ ጥሩ ይሠራል። በሚዲያን ላይ ግን ሰንጢው ይደንዛል። ከኛ 11 ቁጥሮች ከ11 በታች ካሉት የትኛውንም ብታወጡ ሚዲያኑ 12 ይሆናል፤ ከ11 በላይ ካሉት የትኛውንም ብታወጡ 10.5፤ ራሱን 11ን ብታወጡ 11.5። በቃ። 11 ጊዜ ተሰልቶ የተገኘው ሦስት ዓይነት መልስ ነው። 4ን አወጣችሁ 10ን፣ ለሰንጢው ልዩነት የለውም።

በ1979 የስታንፎርዱ ብራድሊ ኤፍሮን ጃክናይፍን እንደገና እየመረመረ ሳለ ነው ቡትስትራፕን ያወጣው። ስሙ የመጣው ቡት ጫማ ሲያጠልቁ ከሚጎትቱት ማንጠልጠያ ነው፤ በገዛ ጫማው ማንጠልጠያ ራሱን ጎትቶ ወደ ላይ ስላነሳ ሰው ፈረንጆች የሚቀልዱት ቀልድ አለ። ለዘዴው ወዳጆቹ ሌላም ብዙ ስም ጠቁመውት ነበር፤ ኤፍሮን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ እንዳሰፈረው እሱ ራሱ የወደደው የአንድ ጠመንጃ ዓይነት ስም ነበር። ጠመንጃው ቀርቶ ጫማው ጸደቀ። በ2018 ኤፍሮን በዚሁ ሥራው የዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ሽልማት አሸናፊ ተባለ።

አሁን ወደ ከረጢቱ። 11ዱን ቁጥሮች በ11 ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ፣ አጣጥፋችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። አንድ አውጡ። ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚያ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ወረቀቱን መልሳችሁ ከረጢቱ ውስጥ ጣሉት። እቁብ የለመደ እጅ ይህን ሲያደርግ ቅር ይለዋል። በእቁብ አንዴ የደረሰው ሰው ዕጣው ተመልሶ አይገባም፤ ቢገባ ጠብ ይነሣል። በቡትስትራፕ ግን ካልተመለሰ ነገሩ ከንቱ ነው። ከ11 ወረቀት ሳትመልሱ 11 ብታወጡ ያው የጀመራችሁባቸው 11 ቁጥሮች ይወጣሉ፣ አማካዩም ሁልጊዜ 15 ነው። የምትመልሱ ከሆነ ግን አንዱ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ ሌላው ጭራሽ ይቀራል።

ለምሳሌ አንድ ዙር እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ 13፣ 4፣ 46፣ 10፣ 10፣ 7፣ 18፣ 46፣ 9፣ 11፣ 6። የዝናቧ ቀን ሁለት ጊዜ ገብታለች፤ አማካዩ 16.4፣ ሚዲያኑ 10። ሌላ ዙር፦ 9፣ 15፣ 7፣ 7፣ 26፣ 11፣ 13፣ 4፣ 10፣ 15፣ 18። እዚህ 46 የለችም፤ አማካዩ ወደ 12.3 ወረደ፣ ሚዲያኑ 11። ሦስተኛ ዙር፦ 46፣ 13፣ 26፣ 18፣ 46፣ 15፣ 6፣ 13፣ 46፣ 10፣ 9። ይሄ የክረምት ወር ይመስላል፤ አማካዩ 22.5፣ ሚዲያኑ 15። በእያንዳንዱ ዙር የሚወጡት 11 ቁጥሮች ናቸው፤ አይበልጡም፣ አያንሱም። የናሙናው ብዛት ሲለወጥ ስታንዳርድ ኤረሩም ስለሚለወጥ፣ ጥያቄያችን ደግሞ ስለ 11 ቀን ናሙና ስለሆነ፣ ከ11 ፈቀቅ አንልም።

አንዲት የተወሰነች ወረቀት በአንድ ዙር ጨርሶ ሳትወጣ የመቅረቷ ዕድል 35 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የመውጣቷ ደግሞ 26 በመቶ። ስለዚህ ያቺ 46 በአንዳንዱ ዙር ጠፍታ በሌላው ተደራርባ እየገባች አማካዩን ላይና ታች ታወዛውዘዋለች። የምንፈልገውም ይህንኑ መወዛወዝ ነው።

በኮምፒውተር 1,000 ዙር አውጥታችሁ የተገኙትን 1,000 አማካዮች ስታንዳርድ ዴቪየሽን ብታሰሉ፣ ያ ነው የቡትስትራፕ ስታንዳርድ ኤረር። ቀመር አያስፈልግም። ሁሉንም የሚቻሉ ዙሮች እንሞክር ብትሉ ከ285 ቢሊዮን በላይ ናቸው (11 ለራሱ 11 ጊዜ ሲባዛ)፤ ለዚህ ነው በዕጣ የምንወስደው። ዙሩ እየበዛ ሲሄድ የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረር 3.45 ላይ ይረጋል። ቀመሩ ግን 3.6 ብሎን ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ? ቀመሩ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን ሲያሰላ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ያላቸውን ልዩነት ስኩዌር ደምሮ የሚያካፍለው ለ10 (ከናሙናው ብዛት አንድ ቀንሶ) ነው፤ ቡትስትራፕ ሳይነገረው ለ11 ያካፍላል። በ500 ሰው ናሙና ይህ ልዩነት አይታይም፤ በ11 ግን ይታያል። ትንሽ ናሙና ላይ ቡትስትራፕ በራስ መተማመኑ ከልክ ትንሽ ያልፋል፤ ለዚያች ተማሪ መጀመሪያ የነገርኳትም ይህንኑ ነው።

የሚዲያኑስ? በቀመር እምቢ ያለን እሱ ነበር። በዚሁ ከረጢት ስታንዳርድ ኤረሩ 2.8 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። እንዲያውም የተገኙትን ሚዲያኖች ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ ከታች 2.5 በመቶውን፣ ከላይም 2.5 በመቶውን ብትቆርጡ የሚቀረው ከ7 እስከ 18 ደቂቃ ነው። ይህ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ማለትም እውነተኛው ሚዲያን ይገኝበታል ብለን የምንገምተው ክልል፣ ይባላል፤ አቆራረጡም የፐርሰንታይል ዘዴ። ልብ በሉ፣ ከ11 ወደ ታች 4 ደቂቃ፣ ወደ ላይ ግን 7 ደቂቃ ነው የሄደው። በለመድነው «ሲደመር ሲቀነስ 1.96 ስታንዳርድ ኤረር» ብንሄድ ከ5.5 እስከ 16.5 የሚል ግራ ቀኙ እኩል የሆነ ክልል እናገኝ ነበር። የታክሲ ጥበቃ ግን እኩል አይደለም፤ ከዜሮ በታች መጠበቅ የለም፣ ወደ ላይ ግን ገደብ የለውም። ፐርሰንታይሉ ይህን ከቁጥሮቹ ራሱ አየው። እሱም ቢሆን ናሙና ሲያንስና ሥርጭቱ ሲያጋድል ይስታል፤ ኤፍሮን በ1987 ቢሲኤ (BCa) የተባለውን የታረመ ኢንተርቫል ያወጣው ለዚህ ነው። ሶፍትዌራችሁ ካለው እሱን ምረጡ።

ይህ ሁሉ ለምን ይሠራል? እኛ የምንፈልገው ናሙናችን ከእውነተኛው ዓለም (ከታክሲው ጥበቃ ሁሉ) ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ነው፤ ዓለሙን ግን አናየውም። ናሙናውን የዓለሙ ተወካይ አድርገን፣ ከሱ ደግሞ ዳግም ናሙና እንወስዳለን። ዳግም ናሙናው ከናሙናው ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይናችን እናያለን፤ ናሙናውም ከእውነቱ የሚርቀው በዚያው ልክ ነው ብለን እንገምታለን። የሚገመተው ርቀቱ ብቻ ነው። እውነተኛው አማካይ 20 ደቂቃ ቢሆን እንኳ የቡትስትራፑ አማካዮች የሚሰበሰቡት 15 ዙሪያ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው እሱ ነዋ። የመዘገባችሁት በበዓል ሰሞን ብቻ ከሆነ 1 ሚሊዮን ዙር የበዓል ሰሞንን ወደ አዘቦት አይቀይረውም።

ለትልቅ ነገር ሲውል እንየው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ 22,071 ወንድ ሐኪሞች የተሳተፉበት የአስፕሪን ጥናት ተካሂዶ ነበር። አስፕሪን ከወሰዱት 11,037 ሐኪሞች 119ኙን ስትሮክ መታቸው፤ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 11,034 ደግሞ 98ቱን። የሁለቱ ምጣኔ ሬሾ 1.21 ነው፤ አስፕሪን ስትሮክን በ21 በመቶ ያባብሳል የሚያሰኝ። ሁለት ከረጢት አዘጋጁ። በአንደኛው 11,037 ወረቀት ይግባ፣ 119ኙ ላይ «ስትሮክ» የሚል፣ ቀሪው ላይ «ደህና»፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ በራሱ ቁጥር። ከየከረጢቱ እየመለሳችሁ የየራሱን ያህል አውጡ፣ ሬሾውን አስሉ፣ ድገሙ። መሀል ያለው 95 በመቶ ከ0.93 እስከ 1.6 ገደማ ይዘረጋል። 1፣ ማለትም «ልዩነት የለም»፣ እዚያው ውስጥ ናት። 1.21 ብቻዋን ስትቆም ያስደነገጠችን ሴትዮ ከነቤተሰቧ ስትመጣ ረገብ አለች።

ስንት ዙር ይበቃል? ለስታንዳርድ ኤረር 200 ያህል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለኢንተርቫል ጫፎቹ ላይ ጥቂት ቁጥሮች ስለሚቀሩ ከ1,000 በታች አትውረዱ። ስታታ ሳትነግሩት 50 ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ጨምሩለት። ሲዱንም (ኮምፒውተሩ ዕጣ ማውጣት የሚጀምርበትን ቁጥር) ቆልፉ፤ አለዚያ ዛሬ ያገኛችሁት ቁጥር ነገ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በምትከላከሉበት መድረክ ፊት በመጠኑ ተለውጦ ይጠብቃችኋል።

ሪግሬሽን (ለምሳሌ ገቢ ከዕድሜና ከትምህርት ጋር ያለውን ግንኙነት መለካት) ከሆነ ደግሞ አንድ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ሙሉ ረድፍ ነው፤ ገቢውም፣ ዕድሜውም፣ ትምህርቱም አብረው ይውጡ፣ አብረው ይመለሱ። ገቢን ከአንድ ከረጢት፣ ትምህርትን ከሌላ ያወጣ ሰው አይቻለሁ። ያ የአንዱን ደመወዝ ለሌላው ዲግሪ መስጠት ነው፤ ግንኙነቱ ያኔውኑ ይሞታል።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። «ነጋዴዎቹን ከየት አገኘሻቸው?» አልኳት። «ከ4 ገበያ፣ ከየገበያው 10» አለች። ዋናው ችግር 40 ማነሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሌላ ነው። እሷ ከረጢቱ ውስጥ 40 ወረቀት ነበር የከተተችው። ገበያዎቹን ሳትመርጥ በፊት ግን አንድም ነጋዴ አልመረጠችም። የአንድ ገበያ ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ኪራይ፣ አንድ ዓይነት ደንበኛ፣ አንድ ዓይነት የቀረጥ ሰብሳቢ አላቸው፤ አሥሩን መጠየቅ አሥር የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን የመጠየቅ ያህል አዲስ ነገር አይነግርም። ዕጣው መውጣት ያለበት መረጃው በተሰበሰበበት መንገድ ነው። ገበያ ከመረጣችሁ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የገበያው ስም ነው፤ ገበያው ሲወጣ አሥሩ ነጋዴ ተያይዞ ይወጣል።

ትልልቆቹ ጥናቶች ይህን ይጠነቀቃሉ። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መረጠ፣ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር፤ ከዚያ በየቦታው 28 ቤተሰብ። መጨረሻ ላይ 16,650 ቤተሰቦች መልስ ሰጡ። እንደ ልጆች ሞት ምጣኔ ላሉ ውስብስብ ቁጥሮች ስታንዳርድ ኤረር ሲሰላ የሚሠራበት ያው የድሮው ሰንጢ ነው፣ ጃክናይፍ። ግን በየተራ የሚወጣው አንዲት እናት ወይም አንድ ቤተሰብ አይደለም፤ የቆጠራ ቦታው ከነሰዎቹ ነው። አንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ አንድ ጤና ኬላ የሚሄዱ ጎረቤታሞችን እንደ 28 የተለያዩ ምስክሮች ብትቆጥሩ ስታንዳርድ ኤረሩ ከእውነቱ በታች ይሆናል፤ ያልተገኘ ልዩነት ተገኘ ያስብላል።

ተማሪዋ ያልገባት አንድ ነገር ቀረ። «እሺ፣ በገበያ ላውጣው» አለች። በ4 ገበያ እየመለሱ 4 ሲያወጡ ቅደም ተከተሉ ካልተቆጠረ የሚቻሉት ዙሮች 35 ብቻ ናቸው። 5,000 ጊዜ ብታወጣም እነዚያኑ 35 እየደጋገመች ነው። ለጥቂት ክላስተር (እንደ ገበያዎቹ አባላቱ ለሚመሳሰሉ ቡድን) ዋይልድ ክላስተር ቡትስትራፕ የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም ቢሆን 4 ላይ ሲደርስ ያቃስታል።

ቡትስትራፕ ጨርሶ የማይሆንበትም አለ። «ታክሲ እስከ ስንት ደቂቃ ሊያስጠብቀኝ ይችላል?» ብላችሁ ትልቁን ቁጥር ብትጠይቁት፣ ከ100 ዙር 65 ገደማው «46» ይላችኋል፤ ቀሪው ከዚያ ያነሰ። 47 የሚል ወረቀት ስላልከተታችሁ 47 አያውቅም። እንደ ዕለታዊ የዶላር ምንዛሪ በጊዜ የተያያዘ መረጃ ደግሞ ቀን በቀን ሲበጠስ የትናንትና የዛሬ ትስስር ይጠፋል፤ ሀንስ ኩንሽ በ1989 እንዳሳየው ተከታታይ ቀናትን በብሎክ ማውጣት ይሻላል። በግብርና ኢኮኖሚክስ ቴሲሶቻችን ለምትወደደው ፒኤስኤምም (ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ፣ የፕሮግራም ተጠቃሚዎችን ከሚመሳሰሏቸው ተጠቃሚ ያልሆኑ ሰዎች ጋር አጣምሮ የሚያወዳድር ዘዴ) አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አልቤርቶ አባዲና ጊዶ ኢምበንስ በ2008 እንዳረጋገጡት፣ እያንዳንዱን ሰው ከቅርብ አቻው ጋር ለሚያጣምረው ማቺንግ የተለመደው ቡትስትራፕ ትክክለኛ ስታንዳርድ ኤረር አይሰጥም። ሶፍትዌሩ ግን ያለ ምንም ቅሬታ ቁጥር ያወጣል፤ እንዲያውም «ውጤቱ ጉልህ ነው» የሚለውን ኮከብ ይለጥፍበታል።

ተማሪዋ ሁለት ወር ቆይታ ሌሎች 11 ገበያዎች ጨምራ መጣች፤ ከየገበያው ያገኘችው 4 ወይም 5 ነጋዴ ብቻ ነው። አማካሪዋ አሁንም ያንሳል ብለዋታል። ሠንጠረዧን ከፍታ አሳየችኝ፦ የመጀመሪያው ረድፍ የነጋዴዎች ብዛት፣ ሁለተኛው የገበያዎች ብዛት፣ 15። 5,000 የምትለዋ ቁጥር አልጠፋችም፤ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ድግግሞሽ» በሚለው ቃል አጠገብ ተቀምጣለች።